የሳና ቤት በር

ስልኩ ሲጮህ እጄ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሮ ነበር። የጓዳችንን ምሰሶ ምስጥ ስለጀመረው፣ ዝናቡ ሳይበረታ ልቀባው ብዬ ከጋራዥ ያመጣሁትን ዘይት በጨርቅ እያሸሁ ነበር። «ነገ እቀባዋለሁ» ሲል የከረመው ፈንታ ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ ተቀብቶ እንዲያገኘው ፈልጌ ነው የጀመርኩት። ስክሪኑ ላይ የሱ ስም ስለነበረ በክርኔ ተጭኜ ድምፁን ከፍ አደረግሁና «የት ደረስክ?» አልኩ።

«ይቅርታ እህቴ» አለ የማላውቀው ሰው። «የዚህ ስልክ ባለቤት ምንሽ ነው?»

«ባሌ ነው።»

ከኋላው ሰዎች ሲጯጯሁ ይሰማል። «እዚያ ቤት ሌላ ሰው የለም? እስቲ ጎረቤት ጥሪ።»

«ለኔ ንገረኝ።»

ነገረኝ። ከነቀምት ወዲህ፣ ወደ ዲዴሳ በሚወርደው ቁልቁለት፣ አይሱዙው ፍሬን እምቢ ብሎት ተገልብጧል። ሹፌሩ እግሩ ተሰብሯል። «ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን የነበረው ሰውዬ ግን . . .» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። «ነጭ ነጭ ትልልቅ ነገር ጭነው ነበር፤ ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ግድግዳ ነው» አልኩት። «የሳና ቤት ግድግዳ።»

ፈንታ አሶሳ የገባው በ1977 ዓ.ም. ነው፤ አራት ዓመቱ ነበር። ከወሎ የመጡትን ሰፋሪዎች የተቀበሏቸው በዘመቻ የተሠሩ የሣር ቤቶች ነበሩ፤ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ ቁመታቸውም በራቸውም አንድ ዓይነት። እናቱ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ሰው ቤት እየገባች ተቸገረች። አንድ ቀን እንስራዋን ከሰው ጓዳ አስቀምጣ፣ የሚያለቅስ ሕፃን አንስታ ጡት ከሰጠች በኋላ ነው ሕፃኑም ቤቱም የሷ እንዳልሆኑ የገባት። በማግስቱ ከነጠላዋ ጥለት ቀድዳ በሯ ላይ አሰረች። ፈንታ ይህን ሲያወራ ይስቅ ነበር። የሚጨርሰው ግን ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው፤ «ቤቱን የሠራው ሰው እናቴን አንዴ እንኳ አልጠየቃትም።»

ያ ቤት ሁለት ክረምት አልቆየም፤ ምስጥ በላው። አባቱ ሌላ ሠሩ፤ እሱንም በላው። ፈንታ ያደገው ምሰሶ ሲቀይር ነው። አናጢነትንም የተማረው በዚያው ነው፤ ስንጋባ የሠራው አልጋ እስካሁን የምተኛበት ነው፤ እግሮቹ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ቆመዋል፣ ምስጡ እንዳይወጣባቸው።

ለግድቡ ሠራተኞች መኖሪያ ሲተከል ጉባ ወርዶ ተቀጠረ። ተገጣጣሚ ቤት ያወቀው እዚያ ነው። ብረቱ ተቆርጦ፣ ግድግዳው ተቆርጦ፣ በሩ ከነማጠፊያው ገብቶለት በመኪና ይመጣል፤ አምስት ስድስት ሰው ሆነው በሁለት ቀን ያቆሙታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ሲመጣ ስለ ግድቡ ብጠይቀው፣ «አንች፣ ምስጥ የማይበላው ቤት አየሁ» ነበር ያለኝ። ብዙ ዓመት እዚያ ሠራ። በየሦስት ወሩ ይመጣል፤ ፊቱ በሙቀቱ ከስሎ፣ ጣቶቹ በቆርቆሮ ተቆራርጠው።

ሥራው ሲያልቅ አሶሳ ተመለሰ። ያኔ ተገጣጣሚ ቤት የሚያመርት አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት እዚህ ወኪል አቁሞ ነበር። ወኪሉ አብይ የሚባል ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ነው፤ አፉ ይሮጣል እንጂ ክፉ አይደለም። አብይ ያስማማል፣ ፋብሪካው ይልካል፣ ፈንታ ይገጥማል። ሲያልቅ ፈንታና ገዢው የርክክብ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ።

ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ የባምባሲው ነጋዴ ዋቅሹማ ነው። ቤቱ ቆሞ አለቀ፤ አማረ። ዋቅሹማም ፈረመ። ከዚያ ሶፋው መጣ። ሶፋው በበሩ አልገባ አለ። በመስኮቱም ሞከሩት። እግሩን ፈትተው ሞከሩ። በመጨረሻ ሶፋው ክረምቱን ሙሉ ደጅ ላስቲክ ለብሶ ከረመ፤ ዋቅሹማም ከሰዓት በኋላ እሱ ላይ ተቀምጦ የገዛውን ቤት ያያል። ፈንታን ባየው ቁጥር «አንተ ሰውዬ፣ ና እንጂ፣ ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ በል!» ይለዋል። ሁሉም ይስቃል። ፈንታ አልሳቀም። «ሰውዬው ወረቀት ማንበብ አይችልም» አለኝ ማታ። «በሩ ሰባ ሳንቲ ነው ሲሉት እሺ አለ። እኔም እሺ ሲል ሰማሁት።»

ገመዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ከመታዘዙ በፊት ፈንታ ገዢው ግቢ ይሄድና ቤቱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ችካል ይተክላል። በችካሎቹ ዙሪያ ገመድ ይወጥራል፤ ግድግዳው ያ ነው። በር በሚሆንበት ቦታ ገመዱን ይቆርጠዋል። መስኮት በሚሆንበት ጨርቅ ያንጠለጥላል። ከዚያ «ግቡ» ይላል። በበሩ መግባት ግዴታ ነው፤ ገመዱን ተሻግሮ የገባ ወጥቶ እንደገና ይገባል። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ምድጃ ይቀመጣል፣ እዚያው ሻይ ይጠጣል። ባልና ሚስት ከሆኑ እስኪጣሉ ይጠብቃል። ሳይጣሉ ከወጡ «ገና አላዩትም» ይላል። በማግስቱ ብቻውን ተመልሶ፣ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ቤቱ አድርጎ ንድፉን በደብተሩ ይስላል። አብይ ንድፉን በስልኩ አንስቶ ለፋብሪካው ይልካል።

አብይ «የገመድ መሐንዲስ» ብሎ አወጣለት። «ፈንቴ፣ በአንተ ቤት እኮ ነፋስ ሳያንኳኳ ይገባል!» ይለዋል። ከዚያ ወዲህ ግን በፈንታ እጅ ባለፈ ቤት ሶፋ ደጅ አላደረም።

ሰዕዲያን የማውቃት በአዋላጅነቷ ነው። የበርታ ተወላጅ ናት፤ ሸርቆሌ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄዳ ማታ ትመለሳለች። እናቷ ሳና ዓይነ ስውር ናቸው። ከሰዕዲያ ቤት ኋላ በቀርከሃና በሣር የተሠራች የራሳቸው ቤት ነበረቻቸው። ባለፈው ዓመት ምሰሶዋን ደገፍ ቢሉ ምሰሶው ከውስጥ ባዶ ኖሮ ጣራው ላያቸው ላይ ወረደ። ኦብሴ የምትባለው ጎረቤት በአጥሩ ቀዳዳ ጩኸታቸውን ሰምታ ነው ያወጣቻቸው። ከዚያ በኋላ ሰዕዲያ እናቷን ራሷ ቤት አስገባች። ሳና ግን የራሳቸው ቤት ካልሆነ አይሆንላቸውም፤ በልጃቸው ቤት ወንበሩ በየቀኑ ቦታ ይቀይራል፣ እሳቸውም በየቀኑ ይመታሉ። ስለዚህ ሰዕዲያ ምስጥ የማይበላው ቤት ለእናቷ ልትገዛ ቆረጠች፤ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት።

ፈንታ በመጋቢት ገመዱን ይዞ ሄደ። ቅዳሜ ስለነበር እኔም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ነፃ ነበርኩ፤ ምሳቸውን ይዤ ደረስኩ። ገመዱን እንደሌላው ጊዜ መሬት ላይ አላደረገውም፤ በእጅ እንዲገኝ ከፍ አድርጎ በወገብ ልክ ወጥሮታል። ሳና በአንድ እጃቸው ገመዱን ይዘው ዙሪያውን ሲሄዱ አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ይቆጥራል።

«ስምንት» አሉ ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ። «ፈንታ፣ ይሄ ስምንት ነች። ያኛው ስድስት ነች። እኔ ዓይን የለም፣ እግር አለ።»

«ይበቃዎታል እማማ?»

«ለአልጋ በቃ። ለሶላት በቃ። ሰዕዲያ ስትመጣ ለጭቅጭቅም በቃች።»

ከአጥሩ ወዲያ ኦብሴ «ሳና! ግድግዳሽን አልፎ ዶሮ ገባ!» ብላ ጮኸች።

«አባሪያት! ግን በበር በኩል!» አሉ ሳና። ፈንታ እውነትም ዶሮዋን ዙሪያውን አሯሩጦ በበሩ አስወጣት። ሳና ኮቴውን እየሰሙ የሳቁት ቁጭ እስኪሉ ድረስ ነው።

በሩ ነበር ዋናው ጉዳይ። ግቢው ተዳፋት ነው። ደጅ ላይ ቆሞ ቤቱን ለሚያይ ሰው፣ በቀኝ በኩል የኦብሴ አጥር አለ፤ ሽንት ቤቱም በዚያው ነው። በግራ በኩል ክረምት በክረምት ጎርፍ የሚሸረሽረው ቦረቦር አለ፤ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት በላይ ነው። በሩ በኦብሴ በኩል መሆን ነበረበት፤ ሳና ሲጠሩ እንድትሰማ፣ ሲወጡም እግራቸው ሜዳ እንዲያገኝ። ፈንታ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ የእጅ መደገፊያ ሽቦ ሊወጥርላቸው ቃል ገባ።

ሳና አራት ቀን ጠዋት ጠዋት ገመዱ ውስጥ ዋሉ። አራተኛው ቀን ገመዱን ሳይነኩ ከፍራሹ ተነስተው፣ አምስት ርምጃ ሄደው፣ ዞረው፣ በበሩ ወጡ። ፈንታ ማታ ሲነግረኝ እንደ ልጅ ነበር። «አልነካችውም! አንዴ እንኳ አልነካችውም!»

በማግስቱ ደጅ ቆሞ ሊስል ሲሰናዳ ሳና እንቢ አሉ። ወረቀቱ ሲሳልም ራሳቸው መኖር አለባቸው። ፍራሹ ላይ ጎናቸው አስቀመጡት፤ ጀርባቸውን ለኋላው ግድግዳ፣ ፊታቸውን ለፊተኛው ሰጥተው። ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አደረገ። «በሬ የት ነች? አሳየኝ» አሉት። የሌባ ጣታቸውን ያዘና ወረቀቱ ላይ፣ እሳቸው በተቀመጡበት በኩል በግራ፣ አሳረፈው። ጣታቸው ባረፈበት በሩን ሳለ። ቀጥሎ መስኮቱን። ቀጥሎ ቁጥሩን ሁሉ ጻፈ፤ ስህተት የሌለበት ቁጥር ነው፣ ኋላ እኔም አይቼዋለሁ። ከውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግራ የሆነው ከውጭ ለቆመ ሰው ቀኝ ነው። ፋብሪካው ደግሞ ቤትን የሚያየው ከውጭ ነው።

መኪናው በግንቦት መጀመሪያ መጣ፤ ዝናቡም አብሮ። ብረቱ ሲቆም ፈንታ የበሩ ቋሚ የተበየደው በቦረቦሩ በኩል መሆኑን አየ። ሥራውን አስቁሞ አብይን ጠራ።

«ፋብሪካህ ገልብጦ ሠርቶታል» አለው። «አልረከብም።»

ሰዕዲያም ከሥራ ቀርታ እዚያ ነበረች። «አንፈርምም!» አለች። «ፈንታ፣ በአላህ፣ እንዳትፈርም! ያመጡትን ይመልሱ።»

አብይ ከሞተሩ ሳይወርድ ስልኩን ከፈተ። ፎቶውን ፈልጎ፣ አጉልቶ፣ ለፈንታ ብቻ ሰጠው። ፈንታ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ስልኩን መለሰና ለሠራተኞቹ «ጣራውን እንጨርስ፣ የግድግዳው ፓኔል ዝናብ ላይ ነው» አላቸው።

አብይም ያን ጊዜ አፉ አልሮጠም። ለሰዕዲያ ምንም ሳይላት ሄደ።

ሳናን ይዘው ያስገቧቸው በሦስተኛው ቀን ነው። አልጋቸው ገብቷል። ከአልጋቸው ተነሱ፤ አምስት ርምጃ፤ ዞሩ፤ እጃቸውን ሳይዘረጉ፣ በሙሉ እምነት፣ ግድግዳው ላይ ሄዱ። ግንባራቸው ነው የመታው። ፓኔሉ ከበሮ እንደተመታ ጮኸ።

«ቤት መጣች» አሉ። «በር ግን አልመጣችም።»

ያን ማታ ፈንታ እራት አልበላም። «እጇን ይዤ ነው የሳልኩት» አለኝ። «እሷ እንድታየው ብዬ።»

«ታዲያ ፓኔሎቹን አቀያይራቸው» አልኩት።

እንደማይሆን አስረዳኝ። የፊቱ ግድግዳ ከኋላው ይረዝማል፣ ጣራው ወደኋላ ስለሚያዘነብል። ፓኔሎቹ አንዱ ካንዱ የሚገባ ጥርስ አላቸው፤ የተሠሩት ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲገቡ ነው። ያለውን ቆርጦ በር ማውጣት ይቻላል፤ ግን በቆረጡት በኩል ውሃ ይገባል፣ በአሶሳ ዝናብ ደግሞ አንድ ክረምት አይቆይም። የፊቱ ግድግዳ እንዳለ ከነበሩና ከነቋሚው እንደ አዲስ መሠራት አለበት።

«ለሰዕዲያ ንገራት» አልኩት።

«ለሳና ነግሬያታለሁ» አለ። ለሰዕዲያ ግድግዳውን ይዞ ሲመጣ ሊነግራት አስቦ ነበር።

አዲስ አበባ ሄደ። ፋብሪካው ንድፉን እያሳየ ጥፋቱ የኔ አይደለም አለው፤ እሱም አዎ፣ የኔ ነው አላቸው። በምትኩ ሁለት ቤት ያለ ክፍያ ሊገጥምላቸው ተስማምቶ ግድግዳውን ሠሩለት። ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። በሩን ራሱ ከፍቶ ዘግቶ፣ ከውጭ ቆሞ፣ ከውስጥ ቆሞ ተረከበ። ፈረመ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከነቀምት ደወለልኝ።

«ግድግዳው ከኔ ጋር ነው። በሩ በቀኝ ነው፣ በኦብሴ በኩል። ሂጅና ለሳና ንገሪያት።»

«ምሰሶውን ልቅባና ከሰዓት እሄዳለሁ» አልኩት።

«ኧረ አንች፣ ምሰሶውን ተይው፣ እኔ እቀባዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ የደወለው ያ የማላውቀው ሰው ነው።

በሰልስቱ ሰዕዲያ እናቷን እየመራች ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ሰዎች ቦታ ለቀቁላቸው። ሳና በእጃቸው ፈልገው ጉልበቴን አገኙና ያዙት።

«አሰለፈች» ብለው በስሜ ጠሩኝ። «እኔ ለፈንታ ተወው አልኩት። ወላሂ። በቦረቦሩ በኩል እለምዳለሁ አልኩት። አምስት ርምጃ ነው፣ ዞሮ በዚያኛው መውጣት ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ እለምዳለሁ። አልሰማኝም።»

ሰዕዲያ «ምኑን ነው የምትለምጅው?» አለች። «ጥፋቱ የፋብሪካው አይደል እንዴ? እኔ አይደለሁም ወይ እንዳትፈርም ያልኩት?»

ሳና ወደ ልጃቸው ድምፅ ዞሩ። «ወረቀቱ የሱ ነው። ጣቴን ይዞ ሳላት። ነገረኝ። ላንቺ እኔ ዝም አልኩ። አንቺ በፋብሪካ ተቆጥተሽ ነበር፤ በሱ እንድትቆጣ አልፈለግሁም።»

ሰዕዲያ ወደኔ አየች። አዎ እንደማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ጫማዋን አውልቃ ነበርና በባዶ እግሯ ወጥታ ድንኳኑ ደጅ ቆመች። ስትመለስ ጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠችና እስኪመሽ አልተነሳችም። ሲሄዱ ሳና አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ገመዱ የት እንዳለ። ቤት እንዳለ ነገርኳቸው። «አትጣዪው» አሉኝ።

ሳና እንዳሉት በቦረቦሩ በኩል ሊለምዱ ሞክረዋል። በሐምሌ፣ ሰዕዲያ ሥራ በሄደችበት፣ ብቻቸውን ገብተው ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ ሲመላለሱ ውለዋል። ውስጡን ለምደውታል። ውጭውን ነው ያልቻሉት። ሰዕዲያ ቦረቦሩ አፍ ላይ የደረደረችውን ድንጋይ ጎርፉ ወስዶት ነበር። ጠርተዋል፤ ኦብሴ ግን በወዲያኛው በኩል ናት፣ ጣራው ላይ ዝናብ እየወረደ ነው፣ አልሰማችም። ሰዕዲያ ከሥራ ስትመለስ ቦረቦሩ ውስጥ ጭቃ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ከዚያ ቀን በኋላ ሰዕዲያ ቤቱን ቆልፋ ቁልፉን ለኔ ሰጠችኝ። ለምን ለኔ እንደሰጠችኝ አልጠየቅኋትም።

አብይ በየጊዜው ይመጣል። መጀመሪያ አካባቢ ሲያየኝ ያለቅስ ነበር። አሁን ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው።

«እህቴ፣ ፋብሪካው ግድግዳውን አስረክቤያለሁ ይላል። የፈንቴ ፊርማ አለበት። መንገድ ላይ የደረሰው የኛ አይደለም ይላሉ።»

«አውቃለሁ።»

«የቤቱ ርክክብ ደግሞ ካልተፈረመ ዋስትናው አይጀምርም። ጣራው ቢያፈስ እንኳ ማንም አይመጣም። ሰዕዲያን እንድትፈርም አንቺ ብትነግሪያት?»

«ምን ብዬ?»

ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

አርባው ካለፈ በኋላ ግድግዳውን ላየው ነቀምት ሄድኩ። የተገለበጠው መኪና ጭነት ትራፊክ ፖሊሶቹ ግቢ ጥግ ተቆልሎ ነበር። አንድ ፖሊስ «ምንሽ ነው?» ሲለኝ የባሌ ነው አልኩት፤ ፈቀደልኝ። ገመዱን ይዤ ሄጄ ነበር። ፈንታ ሲያደርግ እንዳየሁት እየወጠርኩ አንድ በአንድ ለካኋቸው። ፓኔሎቹ አምስት ናቸው። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሁለቱ መሐላቸው ታጥፎ፣ ውስጣቸው ያለው ነጭ አረፋ ወጥቷል። አምስተኛው በሩ ያለበት ነው። ማጠፊያው ተገንጥሎ በሩ ከፓኔሉ ተለይቷል፤ ፖሊሶቹ ዝናብ እንዳይመታቸው አጥር ላይ አዘንብለው አስደግፈውት ሥሩ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ቋሚው ብረት እንደ ቀስት ጎብጧል።

«ትወስጂዋለሽ?» አለኝ ፖሊሱ። «ከፈለግሽ እናስጭንልሻለን።»

አልወሰድኩትም። የሚገጥም ሰው ብቻ ሳይሆን የሚገጠም ነገርም የለውም።

አሶሳ ተመልሼ፣ ከፈንታ ጋር ጉባ ይሠራ የነበረ ገጣጣሚ አስፈልጌ ቤቱን አሳየሁት። ውሃ ልኩን አስቀመጠበት፤ ወለሉ ልክ ነው። ጣራው ላይ ወጥቶ መጋጠሚያዎቹን አየ፤ ንጹሕ ነው። ሲወርድ «በሕይወቴ እንዲህ በደንብ የቆመ ቤት አላየሁም» አለ። በሩን አሳየሁት። የፊቱን ግድግዳ ለማውጣት ጣራው መነሳት አለበት፣ ጣራው እንዲነሳ ደግሞ አዲስ ግድግዳ ቀርቦ መጠበቅ አለበት አለኝ። ይህን ከፈንታ ሰምቼዋለሁ።

ሳና አሁን በሰዕዲያ ሳሎን፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ይውላሉ። ወንበሩን ማንም እንዳያነሳው ሰዕዲያ እግሮቹን ወለሉ ላይ በሚስማር መትታቸዋለች። ሄጄ አብሬያቸው ስቀመጥ ስለ ቤቱ አናወራም። ባለፈው ሳምንት ብቻ፣ ልወጣ ስል፣ «ገመዱ አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። «ያቺ ቤት ጥሩ ነበረች» አሉ። የትኛዋን እንዳሉ ገብቶኛል። ገመዱን ወስጄ ልወጥርላቸው አስቤ ነበር፤ ግን ቦታው ላይ አሁን ቤት ቆሟል።

የጓዳችንን ምሰሶ ቀሪውን ግማሽ ቀብቼዋለሁ። የሳና ቤት በር እስካሁን በቦረቦሩ በኩል ነው። ግድግዳው አልተቀየረም፤ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ቃል የተገባው ሽቦም አልተወጠረም። የርክክቡ ወረቀት አልተፈረመም።